የመንገድ ማስፋት ቁፋሮና ፋውንዴሽን ለማን ይሰጥ? ከእጅ ዋጋ እስከ ሙሉ ሰብ ኮንትራት

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ በቴሌግራም ላከልኝ። መሃል አዲስ አበባ ላይ መንገድ በሚያሰፋ ኮንትራክተር ቤት ሳይት ኢንጂነር ነው። ሥራው ሦስት መቶ ሜትር የውሃ መስመር ማዛወር፣ አጠገቡ የቴሌ ቱቦ መቅበር፣ ወንዙ ጋ ለሚሰፋው ድልድይ ደግሞ ፋውንዴሽን፣ ማለትም መሠረት፣ ማውጣት ነው። ከፋይሎቹ ሥር አንድ መስመር ብቻ ጽፏል፤ «የቱ ይሻላል?»

ከፍቼ አየኋቸው። አንደኛው በጣም ርካሽ ነው፤ ግን የእጅ ዋጋ ብቻ ነው፣ ቱቦ የለበትም። ሁለተኛው ቱቦውንም ይጨምራል፤ የተቆረጠውን አስፋልት ስለመመለስ ግን ትንፍሽ አይልም። ሦስተኛው ኤክስካቫተር በሰዓት ነው። ውሃ ቢመጣ ፓምፑ የማን እንደሆነ ሦስቱም ላይ አልተጻፈም። «እነዚህ እኮ የአንድ ሥራ ሦስት ዋጋ አይደሉም፣ ሦስት የተለያየ ሥራ ናቸው» ብዬ መለስኩለት። ወዲያው ደወለ፤ አንድ ሰዓት አወራን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወሬ የወጣ ነው።

የምጽፈው ዋናውን ውል ይዞ ከፊሉን ለሰብ፣ ማለትም ለንዑስ ኮንትራክተር፣ ለሚሰጥ ሰው ነው። ሰብ ሆኖ ለሚገባውም ቢሆን ሰጪው ምን ምን እንደሚያይ ማወቁ አይከፋም። የድርጅት ስም አልጠራም፤ የማነጻጽረው አሠራሩን ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

«በሜትር ስንት?» የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው፤ ካርታ ላይ የሌለ ነገር ሲገኝ ማን ይከፍላል? የመሃል ከተማው መሬት ስንቴ ተቆፍሯል። ሜክሲኮን፣ ስታዲየምን፣ ለገሃርን አስቡ። በ2008 መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሲሠራ መንገዱ ላይ የነበረው መስመር ተነስቶ ወደ ጎን ሄዷል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ መጥቶ በየፖሉ ተንጠልጥሎ የነበረውን ኬብል አውርዶ እግረኛ መንገድ ሥር ቀብሮታል። ከዚህ ሁሉ በፊት የተዘረጋው የብረት ቱቦም አንዳንዱ ዛሬም ውሃ ይዞ፣ አንዳንዱ ተዘግቶ እዚያው አለ። የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሳፋሪኮም፣ ሁሉም የየራሱን መስመር ነው የሚያውቀው። አራቱን ካርታ ብታደራርቧቸውም መሬት ውስጥ ያለውን ሙሉ ሥዕል አታገኙም።

መፈለጊያ መሣሪያ አለ አይደል ትሉኝ ይሆናል። አለ። ብረትንና ኤሌክትሪክ ያለበትን ኬብል የሚያገኘው ዓይነት ፕላስቲክ ቱቦ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። የመሬት ራዳሩ ፕላስቲክም ሊያሳይ ይችላል፤ ግን ርጥብ ሸክላ አፈር ላይ ዓይኑ ይታወራል። የእኛ ከተማ አፈር ደግሞ አብዛኛው ሸክላ ነው። ስለዚህ የሚታመነው ያው በእጅ የሚቆፈር የሙከራ ጉድጓድ ነው።

አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ቁፋሮውን በሜትር ለአንድ ቡድን ሰጥተን ነበር። ካቦው ቶሎ ለመጨረስ ሳይነግረን ኤክስካቫተር ተከራይቶ መጣ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ የባኬቱ ጥርስ አንድ ነገር ነካ። ድምፁ የድንጋይ አይደለም፤ ባዶ በርሜል እንደመምታት ያለ ነው። ኦፕሬተሩ ባኬቱን ከፍ ሲያደርግ ውሃው ተከትሎት ወጣ። ጥግ ላይ ቡና የሚያፈሉት እትዬ ጀበናቸውን አንስተው ሮጡ። አጠገቡ ያለው ሕንፃ ጥበቃ፣ ሽበታም ሽማግሌ ናቸው፣ ካፖርታቸውን ደርበው መጥተው አዩና «ልጄ፣ ትናንት ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር። እዚህ ጋ መስመር እንዳለ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል» አሉኝ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ውላችን ላይ «የነበረ መስመር ቢመታ» የሚል አንድ ቃል አልነበረም። በማግስቱ ካቦው ስልኩን ዘጋ፣ ልጆቹም አካፋና ዶማቸውን ይዘው ሄዱ። ጥገናውን እኛ ከፈልን፣ ሁለት ቀን ሥራ ቆመ፣ በርካሽ ዋጋ አተረፍን ያልነው ብር የት እንደገባ አላየነውም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ለመድኩ። ከካርታው በፊት የሰፈር ጥበቃዎችን እጠይቃለሁ። ውል ላይ ደግሞ ሦስት ጉዳዮችን ለይቼ አጽፋለሁ። ካርታ ላይ ያለ መስመር ከተመታ የቆፋሪው ነው። ካርታ ላይ የሌለ ከሆነና በሙከራ ጉድጓድ ተፈልጎ ካልተገኘ የዋናው ኮንትራክተር ነው። ሳይፈለግ ከተመታ ግን እንደገና የቆፋሪው ነው።

ዋናው ውላችሁ ፊዲክ 1999 የሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ከሆነ ደግሞ ሌላም ሰዓት ይቆጥራል። ያልተጠበቀ ነገር መሬት ውስጥ ስታገኙ፣ ካወቃችሁበት ቀን አንስቶ በ28 ቀን ውስጥ ለአማካሪው ማስታወቂያ ካልጻፋችሁ የተጨማሪ ክፍያ ጥያቄያችሁ ይወድቃል። ሰቡ ግን ለእናንተ የሚነግራችሁ ክፍያ ሲጠይቅ፣ ማለትም ከወር በኋላ ነው። ስለዚህ የእሱን በ7 ቀን አድርጉት። እንዲያውም በዚያው ቀን በቴሌግራም ፎቶ ይላክ።

ሁለተኛው መመዘኛ ፍተሻ ነው። ይሄ ሥራ ተሠርቶ የሚቀበር ነው፤ አፈር ከለበሰ በኋላ ማንም አያየውም። የውሃ መስመር ከመሸፈኑ በፊት በተለምዶ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ተሞልቶ ይፈተሻል። መልሶ የሚሞላው አፈር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር እየተጠቀጠቀ ጥግግቱ ይለካል፤ መንገድ ሥር ሲሆን የተለመደው ላቦራቶሪ ላይ ከተገኘው ከፍተኛ ጥግግት ቢያንስ 95 በመቶ ነው። ከአርማታው የተወሰደ የናሙና ኩብ በ7 እና በ28 ቀን እየተሰበረ ጥንካሬው ይታያል። ጥያቄው ፍተሻው መደረጉ አይደለም፤ ሲወድቅ ማን በራሱ ወጪ ይደግመዋል የሚለው ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። በፊዲክ 1999 አሠሪው የሚከፍለው አማካሪው የክፍያ ጥያቄውን ከተቀበለ በኋላ እስከ 56 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ያውም በሰዓቱ ከሆነ። የቀን ሠራተኛ ግን ቅዳሜ ማታ ብሩን ይፈልጋል። በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሸፍን ኪስ የማን ነው? የእናንተ ወይስ የሰቡ? ደረሰኙንም አትርሱ። ደረሰኝ ለማይቆርጥ ሰው የወጣ ወጪ በግብር ጊዜ ተቀባይነት ያጣል፣ 15 በመቶ ቫቱም የሚቀናነስ አይሆንም። ርካሽ የመሰለው ዋጋ እዚህ ጋ ይገለበጣል።

የቀሩት ሰዓት፣ ወቅትና ደህንነት ናቸው። ገልባጭ መኪና መሃል ከተማ የሚገባበት ሰዓት የተገደበ ስለሆነ አፈር ማውጣቱ ወደ ማታ ይሄዳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓት በቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 1.75 እጥፍ ነው። የሰቡ ዋጋ ይህን አስቦታል? ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተከፈተ ቦይ የሰፈሩ ጎርፍ መውረጃ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ይመዝናል፤ ሰው ላይ ሲወድቅ ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። አንድ ሜትር ተኩል ያለፈ ቦይ ጎኑ ካልተጋደመ ወይም በጣውላ ካልተደገፈ ሰው አይግባበት። ሰቡ ጥፋት ሲሠራ በዋናው ውል ተጠያቂው እናንተው ናችሁ፤ «የሰብ ልጅ ነው» ማለት አያድንም።

አንድ፦ የእጅ ዋጋ ብቻ

ሁላችንም የምናውቀው ነው። አንድ ካቦ ወይም በማህበር የተደራጁ ወጣቶች ይመጣሉ። ቱቦ፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ እናንተ ታቀርባላችሁ፤ እነሱ ጉልበትና ሙያ ያቀርባሉ።

ጠባብ ቦታ ላይ የሚተካው የለም። የድሮ ሰፈር ጠባብ መንገዶችን አስቡ። በአንድ በኩል የሱቅ ደረጃ፣ በሌላው በኩል ኤሌክትሪክ ያለበት ኬብል፣ መካከሉ አንድ ሜትር። ኤክስካቫተር እዚያ ምን ይሠራል? ጥሩ ቆፋሪ ግን ዶማውን ሲያሳርፍ የአፈሩን ለውጥ በእጁ ይሰማዋል። አሸዋ ካገኘ ይቆማል። ሸክላ መሃል የተነጠፈ አሸዋ ሲገኝ ከሥሩ ሰው የቀበረው ነገር እንዳለ ያውቃል። የሙከራ ጉድጓድ ማስቆፈር ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ችግሩ ሌላ ጋ ነው። በሜትር የሚከፈለው ሰው ጥልቀት አይወድም። ቦዩ መጀመሪያው ላይ አንድ ሜትር ከሃምሳ ይሆንና ወደ መጨረሻው አንድ ከሃያ ላይ ይቀራል። በሜትር ኩብ ስትከፍሉት ደግሞ ጎኑ ይሰፋል! እኔ የማደርገው ክፍያውን በኩብ አድርጌ ወርዱን በዲዛይኑ መቁረጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሰፋው አልከፍልም፣ እንዲያውም የሚሞላበትን ገረጋንቲ እቀንሳለሁ። ጥልቀቱ 1.50 ላይ በቀይ ቀለም የተመለከተበት እንጨት ለፎርማኑ እሰጠዋለሁ። በየአምስት ሜትሩ ያስገባዋል። ይሄ እንጨት ከብዙ ጭቅጭቅ አድኖኛል።

የማቴሪያል ብክነቱም የእናንተ ነው። ቱቦ ሲሰበር፣ ሲሚንቶ ሲደርቅ ካቦውን አይመለከተውም። ለፋሲካ፣ ለመስቀልና ለእርሻ ጊዜ ግማሹ ቡድን አገር ቤት ይገባል፤ ፕሮግራማችሁ ላይ ጻፉት።

ለፋውንዴሽንስ? ተራ ፓድ (ምሰሶ የሚያርፍበት የአርማታ መሠረት) ወይም የድንጋይ ግንብ ከሆነ፣ የራሳችሁ ጠንካራ ፎርማን ካለ፣ ይሄዳል። ፌሮ በኪሎ፣ ፎርምወርክ (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) በካሬ፣ አርማታ በኩብ ለያይታችሁ ተዋዋሉ። በጥቅል «ፓዱን በዚህ ያህል» ብላችሁ ከሰጣችሁ የመጀመሪያው የሚጣደፈው ፌሮ ማሰሩ ነው።

ሁለት፦ ማሽን ተከራይቶ በራስ መሥራት

ኤክስካቫተር፣ ገልባጭና ሮለር በሰዓት ወይም በቀን ትከራያላችሁ፣ ሠራተኛው የእናንተ ነው። ናፍጣ ያለበትና የሌለበት ዋጋ አለ፤ ስታነጻጽሩ ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ሦስት መቶ ሜትር ቦይ፣ ወርዱ 80 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ 1.50 ከሆነ 360 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲቆፈር ያብጣል፤ ሰላሳ በመቶ ብንጨምር 468 ኩብ ይሆናል። 16 ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ሠላሳ ምልልስ ገደማ ማለት ነው። አንድ ምልልስ መድፊያው ጋ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ቢፈጅና ያላችሁ ሁለት መኪና ብቻ ቢሆን፣ ኤክስካቫተሩ አብዛኛውን ቀን ክንዱን አጣጥፎ ይቆማል። ኪራዩ ግን አይቆምም። እንግዲህ የሰዓቱ ዋጋ ርካሽ ነው ብሎ መደሰት ምኑ ላይ ነው? ማሽኑን ከመጥራታችሁ በፊት መኪናውን ቁጠሩ።

ሌላው ታይም ሺት ነው። ማታ ላይ «ስምንት ሰዓት» ተብሎ የሚፈረመው ወረቀት ላይ የሠራበትና የቆመበት ተለይቶ ይጻፍ። የቆመው በእናንተ ምክንያት ነው ወይስ ሆዙ ፈንድቶ? ኦፕሬተሩ የሚታዘዘው አከራዩን ነው፣ ስለዚህ ወረቀቱን የሚይዘው የእናንተ ሰው ይሁን።

ይህ አማራጭ መሬቱ ምን እንደሆነ ለማይታወቅበት ሥራ ጥሩ ነው። ነገር ሲለወጥ የዋጋ ክርክር የለም፤ ሰዓት ብቻ ነው የሚጨመረው። ግን ሁሉም ያልታወቀ ነገር በእናንተ ላይ ነው፤ መስመር ብትመቱም፣ አለት ብታገኙም።

ሦስት፦ ከነማቴሪያሉ ሙሉ ሰብ ኮንትራት

ሰቡ ቱቦውን ገዝቶ፣ ቆፍሮ፣ ቀብሮ፣ ፈትሾ፣ ሞልቶ ያስረክባል። ሲበላሽ የምትጠሩት አንድ ሰው ነው። ሰነዱ ሙሉ ነው፣ ደረሰኝ አለ፣ መያዣም ከክፍያው ይቆረጣል። ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ላለው ኮንትራክተር ትልቅ እፎይታ ነው።

ነገር ግን «ሙሉ» የሚለውን ቃል አትመኑት። ውሃ ማውጣት፣ አስፋልት መቁረጥና መመለስ፣ ትርፍ አፈር ማስወገድ፣ የትራፊክ ምልክትና የማታ መብራት፣ የፍተሻ ወጪ። እነዚህ አምስቱ ውስጥ የትኛው እንዳለ በጽሑፍ ይምጣ። ጓደኛዬ የላከልኝ ሁለተኛው ዋጋ ላይ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነበር ያለው። አራቱን ጨምረን ስናሰላው ርካሽነቱ ጠፋ።

ቱቦው ላይም ዓይናችሁ ይኑር። ኤችዲፒኢ በሚባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ላይ የማቴሪያሉ ዓይነትና የሚችለው ግፊት ታትሞ ይመጣል፤ ፒኢ 100፣ ፒኤን 16 እያለ። ከመኪናው ሳይወርድ አንብቡት። ፒኤን 10 እና ፒኤን 16 በቀለም አይለዩም፤ የግድግዳቸው ውፍረት ነው የሚለየው፣ ዋጋቸውም እንደዚያው። አንዱ ሲቀበር ሌላው ሲከፈልበት አይቻለሁ።

እኔ የምመርጠው የመካከሉን መንገድ ነው። ቱቦውንና መገጣጠሚያውን ዋናው ኮንትራክተር ይግዛ፤ ቀሪውን በሙሉ ሰቡ ይሥራ። የገበያ ዋጋ ሲጨምር «ቱቦ ተወደደብኝ፣ ልቆም ነው» የሚለው ነገር ይቀራል። ብክነቱን ደግሞ በመቶኛ ገድቡ፤ ከዚያ ያለፈው ከክፍያው ይቀነስ።

እዚህ ላይ የአለትን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። የቁፋሮ ዋጋ ብዙ ጊዜ በሦስት ይከፈላል፤ ተራ አፈር፣ የተሸረሸረ አለት፣ ጠንካራ አለት። ጠንካራው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መሃል አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሁለት ሜትር ሳትወርዱ ሦስቱንም ልታገኙ ትችላላችሁ። ታዲያ ሰቡ «አለት ነው» ይላል፣ እናንተ «የደረቀ አፈር ነው» ትላላችሁ፣ አማካሪው በማግስቱ ሲመጣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ አልቋል። መፍትሔው ትርጉሙን በማሽን መጻፍ ነው። ይህን ያህል ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር በባኬት ሊያነሳው ከቻለ አለት አይደለም፤ ጃክሃመር ካስፈለገው ነው። ጃክሃመሩ ከመጀመሩ በፊት ሰርቬየር ከላይ ይለካል፣ ሲጨርስ ከታች ይለካል። ሁለቱም ልኬት በሦስቱ ወገን ይፈረማል። ያልተፈረመ አለት አፈር ነው።

አራት፦ ልዩ ሙያ ያለው የፋውንዴሽን ድርጅት

ይሄ ለድልድዩ፣ ለከፍታ መንገድ ምሰሶና ለትልቅ መደገፊያ ግንብ ነው። በባንትይቀጡም ሆነ በቀበና ወንዝ ዳር የምታገኙት የላይኛው አፈር ብዙ ጊዜ ሰው የደፋው ነው፤ ፍርስራሽ፣ ቆሻሻ፣ የድሮ ግንብ። በእሱ ላይ ፓድ አይቀመጥም። ጥቁር አፈር ባለበት ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቀለል ላለ ግንብ ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ይበቃ ይሆናል፣ ለድልድይ ግን የአፈር ምርመራው ነው የሚወስነው።

ፓይል፣ ማለትም ወደ ጥልቅ መሬት የሚወርድ የአርማታ ምሰሶ፣ ከተባለ ለተራ ሰብ አትስጡ። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። ዲያሜትሩ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 12 ሜትር የሆነ ፓይል 9.4 ኩብ አርማታ ይፈልጋል። ጉድጓዱ እዚህም እዚያም ሰፋ ማለቱ ስለማይቀር አሥር ኩብ በሉት። አንድ ሚክሰር መኪና ብዙ ጊዜ ይህን አይዝም፤ ሁለተኛ መኪና መምጣት አለበት። ሁለተኛው መኪና መስቀል አደባባይ ላይ ትራፊክ ይዞት ቢቀርስ? የአርማታ መውረጃው ቱቦ ጫፉ ሁልጊዜ በወረደው አርማታ ውስጥ ተቀብሮ መቆየት አለበት። መሃሉ ላይ አርማታው ከጠነከረ ወይም ቱቦው ካመለጠ ፓይሉ ውስጥ የጭቃ ንብርብር ይቀራል። ከላይ ሲታይ ግን አማን ነው። ይህን የሚያውቀው ቡድን ሁለቱም ሚክሰር ሳይቱ በር ላይ ሳይቆሙ አርማታ አይጀምርም። ሥራውም ማታ ነው።

ስታነጻጽሩ በሜትር ያለውን ዋጋ ብቻ አትዩ። ማሽኑን በሎውቤድ (ከባድ ማሽን በሚጭን ተሳቢ) ማምጣትና መመለስ ለብቻው ይከፈላል። ስድስት ፓይል ላለው ሥራ ይህ ወጪ በሜትር ሲካፈል ያስደነግጣል፤ ለስልሳ ፓይል ግን አይሰማም። ማሽኑ የሚቆምበትን ጠንካራ ወለል ማን ያዘጋጃል? ከስሌቱ በላይ የሄደው አርማታ የማን ነው? አለት ውስጥ ሲገባ ዋጋው ስንት ይሆናል? ፓይሉ ካለቀ በኋላ የውስጡ ጤንነት በምን ይፈተሻል፣ ከወደቀስ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ የማይመልስ ድርጅት ዋጋ አላቀረበም ብላችሁ ቁጠሩት።

አምስት፦ ለመስመሩ ባለቤት መተው

የውሃውን ለውሃና ፍሳሽ፣ የኤሌክትሪኩን ለኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ፋይበሩን ለቴሌ። ግምት ይሰጣሉ፣ ይከፈላል፣ ይሠራሉ። ርክክብ ላይ ጭቅጭቅ የለም፤ የሚረከቡት የራሳቸውን ሥራ ነው። የ15 ኪሎ ቮልት ኬብልን ጉዳይ ማነጻጸርም አያስፈልግም፤ የእነሱ ነው።

ጉዳቱ ፕሮግራሙ የእናንተ አለመሆኑ ነው። ሌላ ቦታ አስቸኳይ ብልሽት ቢፈጠር ቡድኑ ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ሳይት ላይ የሚሠራው ከፍሎ መስጠት ነው። ቦዩን፣ የኬብል ቱቦውንና ማንሆሉን እናንተ ሠርታችሁ ታዘጋጃላችሁ፤ ኬብል መሳብ፣ መገጣጠምና ከነባሩ መስመር ጋር ማገናኘት የእነሱ ይሆናል። ደብዳቤውን ግን ኤክስካቫተር ሲመጣ ሳይሆን ሳይቱን በተረከባችሁ ሳምንት አስገቡ።

በአጭሩ ሲነጻጸር

| አማራጭ | ያልታወቀ ነገር ሲገኝ | ፍተሻና ጥራት | ገንዘብ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|
| የእጅ ዋጋ | በእናንተ ላይ፣ ካልተጻፈ በስተቀር | የእናንተ ፎርማን ይቆጣጠራል | በየሳምንቱ ጥሬ ብር | ጠባብ ቦታ፣ የሙከራ ጉድጓድ፣ ተራ ፓድ |
| ማሽን ኪራይ | ሙሉ በሙሉ በእናንተ ላይ | የእናንተ | በየሰዓቱ፣ ቢቆምም ይቆጥራል | ረጅም ቦይ፣ መሬቱ የማይታወቅ ቦታ |
| ሙሉ ሰብ | በውሉ ይከፋፈላል | ሰቡ ይፈትሻል፣ ሲወድቅ ይደግማል | በሰርተፍኬት፣ ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል | የቢሮ ሰው ለሌለው፣ ደረጃውን የጠበቀ መስመር |
| የፋውንዴሽን ድርጅት | አለትና ትርፍ አርማታ ላይ ክርክር አለ | የራሱ ዘዴ፣ በፍተሻ የሚረጋገጥ | ማሽን ማምጫው ቀድሞ ይከፈላል | ፓይል፣ የወንዝ ዳር |
| የመስመሩ ባለቤት | በባለቤቱ | ርክክቡ ቀላል | ቀድሞ የሚከፈል ግምት | ኬብል፣ ማገናኘት፣ 15 ኪሎ ቮልት |

እንደ አቅምና እንደ ሥራው

እጃችሁ ላይ ብር ካጠረ፣ ጥሩ ፎርማንና ሰርቬየር ግን ካላችሁ፣ የእጅ ዋጋና ማሽን ኪራይን ቀላቅላችሁ ሂዱ። ርካሽ የሚሆነው ግን ሰዎቻችሁ ቀኑን ሙሉ ቦዩ ዳር ከቆሙ ነው። ፎርማናችሁ ሦስት ሳይት የሚዞር ከሆነ ይህን አማራጭ እርሱት።

ብር ካለና ሰው ከሌለ ሙሉ ሰብ ነው። ግን ሁለት ወር ሳይከፈለው መቆየት የሚችል ይሁን። «ስንከፈል እንከፍላለን» የሚል አንቀጽ ማስገባት ቀላል ነው፤ ሰቡ ሠራተኞቹን መክፈል አቅቶት ሲጠፋ ግን የተከፈተው ቦይ የእናንተ ነው። በአሥራ አምስት ቀን ከፊል ክፍያ መስጠት ይሻላል።

ክረምት ሊገባ አንድ ወር ከቀረ ዋጋ ማወዳደሩን ትታችሁ ፍጥነትን አወዳድሩ። በአንድ ቀን የሚከፈተው ቦይ በዚያው ቀን የሚሞላውን ያህል ብቻ ይሁን፤ ይህን ቃል የሚገባላችሁን ምረጡ። ለድልድዩ ፓይልም ከሰኔ በፊት ካልተጀመረ ወንዙ የራሱ ፕሮግራም አለው።

ሥራው ትንሽ ከሆነ፣ ሃምሳ ሜትር መስመርና ሁለት ማንሆል ዓይነት፣ ብዙ አትጨነቁ። አንድ ደህና ካቦ፣ ቀይ ቀለም ያለበት እንጨት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍያ።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ምን አደረገ? ሦስቱንም ዋጋ ወደ ጎን አደረገና ለአምስት ቀን ብቻ ስድስት ልጆች በእጅ ዋጋ ቀጠረ፤ በየሃያ አምስት ሜትሩ የሙከራ ጉድጓድ እንዲያወጡ። ባለፈው ሐሙስ ፎቶ ላከልኝ። አራተኛው ጉድጓድ ነው። 1 ሜትር ከ10 ላይ፣ ዝገቱ እንደ ቅርፊት የተነሳ የብረት ቱቦ በአግድሙ ያልፋል፤ ማንም ካርታ ላይ የለም። አንዱ ልጅ አጎንብሶ ጆሮውን ለጥፎበታል። ከፎቶው ሥር ጓደኛዬ ጽፏል፤ «ውሃ አለው ይላል። ሦስቱንም ዋጋ እንደገና አስጠይቄያለሁ።»